ከፋይ ተርብን በቤት ውስጥ ማርባት፦ ችግሩ ከአስተናጋጇ ይጀምራል

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት፣ ጥቁርና ደማቅ ቀይ ፀጉር የለበሰች፣ ክንፍ የሌላት፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ፍጥረት በአሸዋማ ሜዳ ላይ ያለ ዕረፍት ስትሮጥ ትታያለች። ለዓይን ጉንዳን ትመስላለች፤ የአገሩም ሰዎች ፀጉሯ ከፋይ የተባለውን ለስላሳ ጨርቅ ስለሚመስል የከፋይ ጉንዳን ይሏታል። ሆኖም ጉንዳን አይደለችም፤ ሙቲሊዴ ከሚባለው ቤተሰብ የምትመደብ ተርብ ናት። ይህችን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም የሰጣት ስዊድናዊው ሊኒየስ ሲሆን ዛሬ የምትታወቀው ዳሲሙቲላ ኦክሲደንታሊስ በሚለው ስም ነው። በመላው ዓለም የታወቁት የቤተሰቡ ዝርያዎች ከ4,000 በላይ ናቸው፤ አፍሪካም የራሷ ብዙ ዝርያዎች አሏት። በዚህ ጽሑፍ ሁሉንም «ከፋይ ተርብ» እላቸዋለሁ።

ይህችን ተርብ በሕይወት ማቆየት ከባድ አይደለም። አሸዋ፣ ሙቀት፣ በውሃ የቀጠነ ማርና የሚጠጣ ውሃ ካገኘች አንዲት ሴት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። አርቢውን የሚያስጨንቀው ይህን ያህል ጊዜ በጤና ኖራ አንድም ልጅ ሳትተካ መሞቷ ነው። ብዙዎች ጥፋቱን በሙቀቱ፣ በምግቡ ወይም በሣጥኑ ጥበት ላይ ይፈልጉታል፤ የጎደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሏን የምትጥልበት የሌላ ተርብ ወይም የንብ እጭ ነው። ይህ እጭ በእጁ የሌለው አርቢ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚለው ሰው ነው። (አሜሪካውያን ገበሬዎች ይህችኑ ተርብ «ላም ገዳይ» ማለታቸው ለተረቱ የተመቸ አጋጣሚ ነው፤ ላም ግን አትገድልም።) ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ተርቧን ከመያዝዎ በፊት አስተናጋጇን እንዲይዙ ነው። አስተናጋጅ የምለው ከፋይ ተርቧ እንቁላሏን የምትጥልበትን፣ ልጇም በልቶ የሚያድግበትን ፍጥረት ነው።

በተፈጥሮ የምትኖረው ኑሮ

ሴቷ ከፋይ ተርብ ጎጆ አትሠራም፤ ለልጆቿም ስንቅ አታጠራቅምም። መሬት ለመሬት እየሮጠች፣ በአፈር ውስጥ፣ በጭቃ ግድግዳ ወይም በእንጨት ቀዳዳ የተሠራ የሌላ ተርብ ወይም የንብ ጎጆ ትፈልጋለች። ስታገኝም የአንዱን ክፍል ግድግዳ በመንጋጋዋ ትበሳለች፣ በውስጡ ያለው እጭ የሚስማማት መሆኑን ትመረምራለች፣ ከተስማማት አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ ቀዳዳውንም መልሳ በአፈር ትደፍናለች። የሚስማማት ገና በመብላት ላይ ያለ ለጋ እጭ አይደለም። ምግቡን ጨርሶ፣ ኮኮን የሚባለውን የክር ሽፋን በዙሪያው ሠርቶ፣ ወደ ሙሽሬነት (እጭ ወደ አዋቂነት ወደሚለወጥበት ደረጃ) ለመለወጥ የሚጠባበቅ ወይም በቅርቡ የተለወጠ መሆን አለበት። ይህን ከዚህ በኋላ «የጠገበ እጭ» እለዋለሁ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሽ እጭ ከጠገበው እጭ ቆዳ ላይ ከውጭ ተጣብቆ ይመጠዋል፣ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ ይበላዋል፣ ከዚያም በዚያው በሟቹ ቤት ውስጥ የራሱን ኮኮን ይሠራል።

ለአርቢው ችግር የሚሆኑት ነገሮች ሁሉ ከዚህ ኑሮ ይመነጫሉ። አንድ ልጅ የሚያድገው በአንድ አስተናጋጅ ብቻ ስለሆነ፣ ሃያ ከፋይ ተርብ የፈለገ አርቢ ከሃያ በላይ የጠገቡ እጮች ማዘጋጀት አለበት፤ የሚበላሸውን ሲያስቡት አርባም አይበዛም። የጠገበ እጭ ደግሞ በተፈጥሮ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ወራት ብቻ የሚገኝ ነው። ሴቷም ብትሆን ጥቂት ትልልቅ እንቁላሎችን ቀስ በቀስ የምታበስል እንጂ እንደ ዝንብ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር የምትጥል አይደለችም። በአንድ ቀን አሥር ኮኮን ሰጥቶ አሥር እንቁላል የሚጠብቅ አርቢ ዘጠኙን ኮኮን ያባክናል።

የልጁ መጠን በአስተናጋጁ መጠን የሚወሰን መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ክላረንስ ሚክል እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመው ጥናት፣ ዳሲሙቲላ ባዮኩላታ የተባለችው ዝርያ ትልልቅና ትንንሽ በሚባሉ በሁለት የመጠን ክፍሎች የምትገኝበትን ምክንያት አስረድቷል፤ ትልልቆቹ ቤምቢክስ ከምትባለው ትልቅ የአሸዋ ተርብ፣ ትንንሾቹ ማይክሮቤምቢክስ ከምትባለው ትንሽ የአሸዋ ተርብ ያደጉ ነበሩ። ከትንሽ እጭ ትልቅ ከፋይ ተርብ አይወጣም፤ አስተናጋጁ ከመጠን በላይ ካነሰም የሚወጣው ደካማ ይሆናል።

የትኛውን ዝርያ መምረጥ ይሻላል

በመልኳ የምትማርከው ትልቋ ቀይ ዳሲሙቲላ ኦክሲደንታሊስ ለጀማሪ የምመክራት አይደለችም። ከአስተናጋጆቿ አንዷ ሲካዳ የሚባሉትን ጯሂ ነፍሳት እያደነች ከመሬት በታች የምትቀብረው ትልቋ ተርብ ስፌሲየስ ስፔሲዮሰስ ናት። ይህች ተርብ ወንድ ለሚሆነው እንቁላል አንድ ሲካዳ፣ ሴት ለምትሆነው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ታስቀምጣለች፤ በቤት ውስጥ እርሷን ለማርባት ሲካዳ ማደን ሊጀምሩ ነው ማለት ነው። የቀረው አማራጭ በመከር መጨረሻ ወይም በጸደይ የጎጆዋን ሥፍራ ጥልቅ አድርጎ መቆፈር፣ አሸዋውን በወንፊት መንፋት፣ ኮኮኖቹን አንድ በአንድ መልቀም ነው። ይህን ሥራ የሞከረ ሰው ወገቡን ይዞ ይመለሳል፤ ከጥቂት ሜትር ካሬ የሚያገኘውም ኮኮን ብዙ ላይሆን ይችላል።

በአውሮፓ የምትገኘው ሙቲላ ዩሮፔያ በአንጻሩ የምታጠቃው በኅብረት የሚኖረውን ትልቁን ፀጉራም ንብ፣ ባምብልቢን ነው። ባምብልቢ ለቲማቲም አበባ ማዳቀያ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በፋብሪካ ደረጃ ስለሚረባ፣ አስተናጋጅ ማግኘት በገንዘብ የሚፈታ ጉዳይ ይሆናል። ሆኖም አንድን የንብ ኅብረት ለጥገኛ አሳልፎ መስጠት ውድ ከመሆኑም ሌላ፣ የሚያመልጡት ተርቦች በአካባቢው ንቦች ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አለ።

በአፍሪካ ያለችው አንዲት ዝርያ ለየት ያለች ናት፤ የምታጠቃው ንብንም ተርብንም ሳይሆን ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ነው፤ በአፈር ውስጥ የተቀበረውን የዝንቧን ሙሽሬ ፈልጋ እንቁላሏን ትጥልበታለች። የቆላ ዝንብ፣ ወንዶቹን አምክኖ ለመልቀቅ ሲባል፣ አዲስ አበባ ቃሊቲ ውስጥ ባለው ማዕከል ጭምር በብዛት የምትረባ በመሆኗ፣ አስተናጋጁ በብዛት ሲገኝ ከፋይ ተርብን ማርባት ምን ያህል ሊቀል እንደሚችል ማሰብ ይቻላል። የዝንብ ማርቢያ ኃላፊዎች ግን ይህችን ተርብ በራቸው ላይ ማየት አይፈልጉም፤ እውነታቸውንም ነው።

እኔ ለጀማሪ የምመርጣት በምሥራቃዊ አሜሪካ የምትገኘውን፣ አነስ ያለችውንና መልኳ እምብዛም የማይደምቀውን ስፌሮፕታልማ ፔንሲልቫኒካን ነው። ምክንያቴ አንድ ነው፤ አስተናጋጇ ግድግዳ ላይ ትገኛለች። ትራይፖክሲሎን ፖሊተም የምትባለው ጥቁር ተርብ በድልድይ ሥር፣ በበረትና በመጋዘን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ የጭቃ ቱቦዎችን ትሠራለች፤ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ በጭቃ የተለያዩ ክፍሎች አሉ፤ በየክፍሉም ሸረሪት እየበላ ያደገ አንድ እጭ ይገኛል። እጮቹ የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በጠገበ እጭነት፣ ቡናማና ተሰባሪ በሆነ ኮኮን ውስጥ ነው። የሚፈለገው ደረጃ፣ በሚፈለገው ብዛት፣ ለወራት ሳይለወጥ ይጠብቃል ማለት ነው።

ጎጆዎቹን መሰብሰብና መለየት

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ የሕንፃውን ባለቤት አስፈቅደው፣ ሰፋ ባለ የልስን ማንሻ ቱቦዎቹን ከግድግዳው ይፈንቅሉ። በአንድ ሥፍራ ያለውን ሁሉ አይውሰዱ፤ ግማሹን መተው ለሚቀጥለው ዓመትም ይጠቅማል። አዋቂ የወጣበት ክብ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ባዶ ነው፤ ድፍን የሆነውን ብቻ ይምረጡ። በቤትዎ ቱቦውን በጥንቃቄ ሰብረው ኮኮኖቹን ያውጡና እያንዳንዱን ለብቻው በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ያኑሩ፤ አፉን በጥብቅ በተጠቀጠቀ ጥጥ ይዝጉ፤ ከየት ሥፍራና መቼ እንደተሰበሰበ፣ ክብደቱ ወይም ርዝመቱም ስንት እንደሆነ ይጻፉበት።

ይህ እያንዳንዱን ለብቻ የማኖር ሥራ አሰልቺ ቢሆንም የሚዘለል አይደለም። ምክንያቱም ከኮኮኖቹ ከፊሉ የጥቁሯ ተርብ አይሆንም፤ ከመካከላቸው ቀድሞ የተጠቁ፣ ከፋይ ተርብ ያደረባቸው ይገኛሉ። ጥቂቱን ክፍል 25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሥፍራ ሲያሞቁ ከሳምንታት በኋላ ከአንዳንዶቹ ብልቃጦች ክንፍ የሌላቸው ሴቶችና ክንፍ ያላቸው ወንዶች ይወጣሉ። በዚህ መንገድ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ጾታ፣ ገና ያልተገናኙ ሆነው፣ ዕድሜያቸውም እየታወቀ ያገኛሉ። በሜዳ ላይ ሴት አሳዶ መያዝ ይህን አይሰጥም። የቀረው ክፍል በማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ይቆይ፤ የእንቁላል መጣያ የሚሆነው እርሱ ነው።

ከብልቃጦቹ ሌላም ብዙ ነገር ይወጣል፤ አረንጓዴ የሚያብረቀርቁ ጥገኛ ተርቦች፣ ንብ የሚመስሉ ዝንቦች፣ የደረቀ ሬሳ የሚበሉ ጥንዚዛዎች። እነዚህ የሚያስፈሩ አይደሉም፤ ከብልቃጣቸው ካልወጡ ሌላውን አይጎዱም።

እንቅልፍ የሚነሳው ጠላት፦ ሜሊቶቢያ

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሜሊቶቢያ የምትባል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ጥገኛ ተርብ አለች። አንዲቷ ሴት አንድ የጠገበ እጭ ካገኘች በላዩ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ታፈራለች፤ ከልጆቿም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በሞቃት ክፍል ውስጥ አንድ ትውልድ በሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚተካ፣ በጥር አንድ ብልቃጥ ውስጥ የነበረች ሜሊቶቢያ በመጋቢት መደርደሪያውን ሁሉ ልትወርስ ትችላለች። የጥቁሯን ተርብ እጭ ከከፋይ ተርቧ እጭ አትለይም፤ ሁለቱንም ትበላለች። በጭቃ ሠሪ ተርቦች ላይ የሚደረጉ የማርባት ሥራዎች በብዛት የሚፈርሱት በሙቀት ወይም በእርጥበት ስሕተት ሳይሆን በእርሷ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መከላከያው ንጽሕናና ጥርጣሬ ነው። አዲስ የመጣ ጎጆ ነባሮቹ ወዳሉበት ክፍል አይግባ፤ ቢያንስ ለአንድ ወር ለብቻው ይቆይ። ብልቃጦቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ በኮኮን ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ ወይም በጥጡ ላይ የሚርመሰመስ ጥቁር ነጥብ ካዩ ብልቃጡን ሳይከፍቱ ወደ በረዶ ክፍሉ ያስገቡት፤ ለሁለት ቀን ይቆይ፤ ከዚያም ይጣል። በውስጡ ያለው ኮኮን ውድ ነው ብሎ ለማዳን መሞከር ሌላውን ሁሉ ያሳጣል። ላላ ያለ ጥጥ አይከለክላትም፤ በተራ ወንፊት የተከደነ ሣጥንማ ለእርሷ ክፍት በር ነው።

አዋቂዎቹን ማኖርና መያዝ

ለአዋቂዎቹ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃል። አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ከጥቂት ሸክላ አፈር የተቀላቀለ አሸዋ ያድርጉበት፤ አንዱ ጥግ ሁልጊዜ በመጠኑ እርጥብ፣ ሌላው ደረቅ ይሁን። የቀኑ ሙቀት ከ27 እስከ 30 ዲግሪ፣ የሌሊቱ ከዚያ ዝቅ ያለ ይሁን፤ መብራቱን ከአንድ ወገን ብቻ ያድርጉት፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት የእንጨት ቅርፊት ያስፈልጋታል። ማር ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው በጥጥ ላይ ነክረው ያቅርቡ፤ ሳይሻግት በየሁለት ቀኑ ይቀይሩት። በሳህን የፈሰሰ ማር አያስቀምጡ፤ ፀጉሯ ሲጣበቅ ራሷን ማጽዳት ያቅታታል።

ከፋይ ተርብን በባዶ እጅ መያዝ ፈጽሞ አይገባም። የመንደፊያዋ ርዝመት ከሰውነቷ አንጻር ሲታይ የሚያስደንቅ ነው፤ አጠማዝዛም በሁሉም አቅጣጫ ታደርሰዋለች። የነፍሳትን ንድፊያ ሕመም ከአንድ እስከ አራት በመስጠት የመዘነው አሜሪካዊው ጀስቲን ሽሚት ለትልቋ ቀይ ዝርያ ሦስት ሰጥቷታል። መርዟ ግን ከንብ መርዝ ይልቅ የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው፤ አደጋው የሚበረታው የንድፊያ አለርጂ ባለበት ሰው ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል። ለማዛወር ረጅምና ለስላሳ ወረንጦ ወይም ብልቃጥና ካርቶን ይጠቀሙ። ሰውነቷ ደንዳና ስለሆነ ወረንጦ በቀላሉ አይጎዳትም፤ ስትያዝ የምታሰማው የጭርጭርታ ድምፅ የመቁሰል ሳይሆን የማስፈራራት ነው። ወንዶቹ መንደፊያ የላቸውም፤ ሆኖም ሁለቱን ጾታዎች ያለ ስሕተት መለየት እስኪለምዱ ድረስ ሁሉም ይነድፋል ብለው ይቁጠሩ። ጥርጣሬ ሲኖር የአንቴናውን ክፍሎች መቁጠር ይረዳል፤ ወንዱ 13፣ ሴቷ 12 አላቸው።

ማጋባት

እንደ ሌሎች ተርቦችና ንቦች ሁሉ፣ ካልተዳቀለ እንቁላል ወንድ፣ ከተዳቀለ ሴት ይወጣል። ስለዚህ ወንድ ያላየች ሴት እንቁላል ትጥላለች፣ እጩም ያድጋል፣ አርቢውም ተሳካልኝ ብሎ ይደሰታል፤ የሚወጡት ግን ሁሉም ወንዶች ሆነው ዘሩ በዚያው ይቆማል። በሜዳ ላይ የተያዘች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ ወንድ ያገኘች ስለሆነች ይህ ችግር በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ይሸፈንና በሁለተኛው ላይ ይገለጣል።

ወንዶቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ከሴቶቹ ቀድመው ከወጡ በ12 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቀዝቃዛ ሥፍራ፣ ከማር ውሃ ጋር፣ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ሴቶቹ እስኪደርሱ ጊዜ ይሰጣል። ለማጋባት ከፍታ ያለው፣ ወንዱ የሚበርበት የጨርቅ መረብ ሣጥን ያዘጋጁ፤ ወለሉን አሸዋ ያልብሱት፤ ሴቷን አስቀድመው ያስገቡና ግማሽ ሰዓት ያህል እንድትዘዋወር ይተዉአት። ወንዱ የሚያገኛት ሽታዋን ተከትሎ ነው። በጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ሁለቱን ማፋጠጥ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ሴቷ ትከላከላለች፣ ወንዱም ክንፉን ይሰብራል። ግንኙነቱ አጭር ስለሆነ ካላዩት በቀር ተፈጽሟል ብለው አይጻፉ፤ ካላዩ ወንዱን አንድ ቀን አብሯት ያሳድሩት። የአንድ ጎጆ ልጆችን እርስ በርስ ከማጋባት ከተለያዩ ሥፍራዎች የተሰበሰቡትን ማጋባት ይመረጣል፤ በየብልቃጡ የተጻፈው የሥፍራ ስም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንቁላል ማስጣል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት፣ ለሴቷ ይቅለላት ብሎ ኮኮኑን ሰንጥቆ እጩን ራቁቱን ማቅረብ ነው። ከፋይ ተርብ የምትመራው በተዘጋ ነገር ነው፤ ግድግዳ መብሳት፣ በቀዳዳው መመርመር፣ እንቁላል ጥሎ መድፈን የአንድ ሥራ ተከታታይ ክፍሎች ናቸው፤ መጀመሪያው ሲጎድል መጨረሻው ላይመጣ ይችላል። ራቁቱን የቀረበ እጭ ወይ ችላ ይባላል ወይ በድርቀት ይሞታል።

ኮኮኑን ከማቀዝቀዣ አውጥተው በቤቱ ሙቀት ለአንድ ቀን ያቆዩት። ከዚያም ከኮኮኑ ጥቂት በሚሰፋ፣ ሁለት ወገኑ ክፍት በሆነ አጭር ቱቦ ውስጥ ያስገቡትና ሁለቱንም አፍ ከሦስት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ጭቃ ይድፈኑ፤ ጭቃው ከተሰበሩት የጥቁሯ ተርብ ቱቦዎች ተፈጭቶ በውሃ የተለወሰ ቢሆን ሽታውም ያግዛል። ሳይሰበር የቀረ የጎጆ ቁራጭ ካለዎት ከዚህ ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። ቱቦውን በሴቷ ሣጥን ውስጥ ግማሹን በአሸዋ ሸፍነው ያስቀምጡ፤ በአጠገቡ ለመድፈኛ የሚሆን ደቃቅና እርጥብ አፈር ይኑር። በአንድ ጊዜ ከሁለት ቱቦ በላይ አያቅርቡ፤ በሦስተኛው ቀን ይቀይሯቸው።

በቱቦው ጭቃ ላይ ቀለሙ ወይም ቅንጣቱ ከቀረው የተለየ ትንሽ የተደፈነ ቀዳዳ ካዩ ሴቷ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው። ክፍት ሆኖ የቀረ ቀዳዳ ግን ገብታ መርምራ ትታዋለች የሚል ምልክት ነው፤ ያን ኮኮን ሁለተኛ ጊዜ ከማቅረብ ይልቅ በሌላ መተካት ይሻላል። አንዲት ሴት ለሳምንት ያህል ምንም ካልነካች፣ ቱቦዎቹን ከመለወጥ በፊት ሙቀቱን በሁለት ዲግሪ ከፍ ያድርጉ፣ መብራቱንም ያደብዝዙ።

የአስተናጋጁን መጠን በሚመርጡበት ጊዜ አንድ ወጥመድ አለ። በብዙ ጥገኛ ተርቦች ዘንድ እናት ትልቁን አስተናጋጅ ለሴት ልጇ፣ ትንሹን ለወንዱ ትመርጣለች። በስፌሮፕታልማ ፔንሲልቫኒካ ላይ በጆርጂያ የተደረገው ጥናት ያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ወንዶቹ ከትልልቆቹ አስተናጋጆች ይወጣሉ። እንግዲህ «ጠንካራ ሴት ትውጣልኝ» ብሎ ትልልቁን ኮኮን ብቻ የሚያቀርብ አርቢ በወንዶች ተሞልቶ ይቀራል። ኮኮኖቹን ሲሰበስቡ ክብደታቸውን እንዲጽፉ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ትልቅና ትንሽ እያፈራረቁ ያቅርቡ፤ ሴቶች ሲያንሱ ትንንሹን ያብዙ።

ከእንቁላል እስከ ኮኮን

የተደፈነውን ቱቦ ከሣጥኑ አውጥተው፣ ሳያገላብጡ፣ እርጥበቱ ወደማይለዋወጥ ሣጥን ያዛውሩት። እርጥበትን ለመቆጣጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጨው አልሟሟ ብሎ ሥሩ ላይ እስኪተኛ ድረስ በውሃ በጥብጠው በክፍት ብርጭቆ ከሣጥኑ ውስጥ ቢያስቀምጡ፣ ሣጥኑም በደንብ ከተከደነ፣ አየሩ በ75 በመቶ እርጥበት አካባቢ ይጸናል። ከዚህ ሲበዛ ሻጋታ ይወርሰዋል፤ በጣም ሲያንስ እንቁላሉ ይጨማደዳል።

የማየት ጉጉት እንቁላል ይገድላል። ቱቦው መስታወት ከሆነና ኮኮኑ በአንድ ወገን ከሳሳ በቀጭን ብርሃን ማየት ይቻላል፤ ካልሆነ ከአሥር ቱቦ አንዱን ብቻ ለፍተሻ መክፈት ይበቃል። እንቁላሉ ነጭ፣ ሞላላና ጎበጥ ያለ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። እጩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ነው፤ በጥሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ አስተናጋጁን ጨርሶ ኮኮን መሥራት ይጀምራል። በዚህ መካከል ከአስተናጋጁ ላይ የወደቀን እጭ በውሃ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ መልሶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሆኖም አስተናጋጁ ጠቁሮና ለዝቦ ከሆነ አይድንም፤ ከሌላ ጤነኛ እጭ ላይ ማድረግ ያዋጣል። ኮኮን መሥራት ከጀመረ በኋላ ማወክ ክሩን ያቋርጠዋል፤ ራቁቱን የቀረ እጭ ደግሞ ብርዱን እምብዛም አይችለውም።

ብርዱ

ከኮኮኖቹ ገሚሱ ከሳምንታት በኋላ ያለ ምንም ብርድ ሊፈለፈል ይችላል፤ ቀሪው በጠገበ እጭነት ተኝቶ የሚቀጥለውን ጸደይ ይጠብቃል። ሞቋል ብሎ ማስገደድ አይጠቅምም፤ በሙቀት ብቻ የከረመ እጭ ስቡን ጨርሶ ይሞታል። ኮኮን ከሠራ ከሁለት ወር በኋላ ምንም ካልወጣ ሙቀቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 15፣ ከዚያም ወደ 5 ዲግሪ ያውርዱት፤ ለሦስት ወይም ለአራት ወራት ይቆይ፤ ሲመለስም በዚያው ዓይነት ቀስ በቀስ ይሙቅ። የቤት ማቀዝቀዣ አየሩን ስለሚያደርቅ የጨው ውሃው ብርጭቆ አብሮ ይግባ። ከብርዱ ከወጣ በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ሞቷል ብለው ኮኮን አይክፈቱ።

ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ሕያው ነፍሳት መላክም ሆነ መቀበል በአሜሪካ የፌዴራሉን የግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ጎጆ ከመለዋወጥ በፊት ይህን ማጣራት ያስፈልጋል። የተረፉ ከፋይ ተርቦችም የሚለቀቁት ጎጆው በተሰበሰበበት ሥፍራ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢለቀቁ የሚያርፉት ለአበባ ማዳቀል የሚያስፈልጉት የአካባቢው ንቦች ጎጆ ላይ ነው። ከቀሩት ሴቶች ግን ቢያንስ አራቱን ያስቀሩ፤ በማቀዝቀዣው ውስጥ የቀሩትን ኮኮኖችም ይቁጠሩ፤ ከሴቶቹ ቁጥር አሥር እጥፍ ካልሆኑ፣ ግድግዳ ላይ ያለው ጥቁር ተርብ ሳይፈለፈል መሰላሉን ይዞ መውጣት ያስፈልጋል።